ኳንተም ቁጥሮችንና ሰብሼሎችን ሳይሸመድዱ መረዳት፦ ከሃይድሮጂን እስከ ብረት

የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። «ከሚከተሉት ውስጥ ሊኖር የሚችለው የኳንተም ቁጥሮች ስብስብ የቱ ነው?» ይላል። ከሥሩ አራት ምርጫ ይደረደራል፤ እያንዳንዱ ምርጫ ውስጥ ደግሞ በአቶም ውስጥ ያለን አንድ ኤሌክትሮን የሚገልጹ አራት ቁጥሮች አሉ። ሕጎቹን በቃሉ ብቻ የያዘ ተማሪ እዚህ ጋ ይደናበራል። ሁለተኛው ቁጥር ኤል ከመጀመሪያው ከኤን ይበልጣል ወይስ ያንሳል? እኩል መሆን ይችላል?

መሸምደድ አያስፈልግም። ቁጥሮቹ የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ገደብ ያበጅለታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለሦስተኛው። አራተኛው ብቻ ራሱን የቻለ ነው። ይህን ሰንሰለት ከያዛችሁ የሰብሼል አቅምም፣ የፔሪዮዲክ ቴብል ቅርጽም፣ የፈተናው መልስም ከአንድ ምንጭ ይመጣል። ወረቀትና እርሳስ ያዙና አብረን እየቆጠርን እንሂድ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ክብ መንገዱን እርሱት

ኒልስ ቦር በ1913 ባቀረበው አቶም ውስጥ ኤሌክትሮን በኒውክለስ ዙሪያ በተወሰነ ክብ መንገድ ይዞራል። ስሌቱ ለሃይድሮጂን በደንብ ሠራ። ሁለት ኤሌክትሮን ላለው ለሂሊየም ግን አልሆነም። በ1926 ኤርቪን ሽሮዲንገር ኤሌክትሮንን እንደ ሞገድ የሚገልጽ እኩልታ ይዞ መጣ። የዚህ እኩልታ መልሶች መንገድ አይነግሩንም። ኤሌክትሮኑ የትኛው አካባቢ የመገኘት ዕድሉ ከፍ እንደሚል ነው የሚነግሩን። እያንዳንዱ መልስ አንድ ኦርቢታል ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኳንተም ቁጥሮች ሰው ለመለያ ብሎ አላወጣቸውም። እኩልታው ትርጉም ያለው መልስ የሚሰጠው ለተወሰኑ ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሮቹ ከሒሳቡ ተገደው ወጡ።

ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ «እንደ አድራሻ ነው፤ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር» ተብሎ ይጀመራል። ለመጀመሪያው ቀን ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ግን አይውሰዳችሁ። አድራሻ ያለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይገኛል፤ ኤሌክትሮን እንዲህ አይቀመጥም። ቁጥሮቹ የሚናገሩት ስለ ሞገዱ ኢነርጂ፣ ቅርጽና አቅጣጫ ነው።

ደረጃ 2፦ ኤን፣ የሼሉ ቁጥር

ዋናው ኳንተም ቁጥር ኤን 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ይሄዳል። ዜሮ የለም፤ ነጋቲቭም፣ ክፍልፋይም የለም። ኤን ሲጨምር ኦርቢታሉ ይሰፋል፤ ኢነርጂውም ከፍ ይላል። ኤናቸው አንድ የሆነ ኦርቢታሎች በሙሉ አንድ ሼል ይባላሉ።

የሃይድሮጂንን ኢነርጂ ራሳችሁ አስሉት። 13.6 ኤሌክትሮን ቮልትን ለኤን ስኩዌር አካፍሉና ነጋቲቭ አድርጉት። ኤን 1 ሲሆን −13.6፣ 2 ሲሆን −3.4፣ 3 ሲሆን −1.51 ይመጣል። ከ3 ወደ 2 የወረደ ኤሌክትሮን ልዩነቱን፣ ማለትም 1.89 ኤሌክትሮን ቮልት፣ በብርሃን መልክ ይለቃል። ቀዩ የሃይድሮጂን መስመር ይህ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 656 ናኖሜትር ነው። ከ1 ወደ 2 ያለው ክፍተት ሰፊ፣ ከ2 ወደ 3 ያለው ጠባብ መሆኑን ልብ በሉ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሼሎቹ ይቀራረባሉ። ደረጃ 7 ላይ ይህ መቀራረብ ሥራ አለው።

ደረጃ 3፦ ኤል፣ ሰብሼሉ የሚወለድበት ቁጥር

የቅርጹ ቁጥር ኤል ከ0 ተነሥቶ ኤን ሲቀነስ 1 ላይ ይቆማል። ኤን 1 ከሆነ ኤል 0 ብቻ ነው። ኤን 2 ከሆነ 0 ወይም 1። ኤን 3 ከሆነ 0፣ 1 ወይም 2። በአንድ ሼል ውስጥ ኤላቸው አንድ የሆነ ኦርቢታሎች አንድ ሰብሼል ይባላሉ። ስለዚህ የሼሉ ቁጥርና የሰብሼሎቹ ብዛት እኩል ነው፤ ሦስተኛው ሼል ሦስት ሰብሼል አለው።

ሰብሼሎቹ በፊደል ይጠራሉ። ኤል 0 ኤስ ነው፣ 1 ፒ፣ 2 ዲ፣ 3 ኤፍ። ፊደሎቹ ከድሮ የስፔክትረም ጥናት የተወረሱ ናቸው። እንግዲህ 3ዲ ስንል ኤን 3፣ ኤል 2 ማለታችን ነው።

ኤል ለምን ከኤን ማነስ አለበት? ብዙ ጊዜ ይህ ሳይነገር ይታለፋል፤ ለእኔ ግን የትምህርቱ እምብርት እዚህ ነው። ምክንያቱን የያዘ ሰው ሕጉን አይረሳም።

ኖድ የሚባል ነገር አለ። ኤሌክትሮኑ የመገኘት ዕድሉ ዜሮ የሚሆንበት ገጽ ማለት ነው። የአንድ ኦርቢታል የኖዶች ብዛት ኤን ሲቀነስ 1 ነው። 1ኤስ ምንም ኖድ የለውም። ኤን 2 የሆኑት አንድ አንድ፣ ኤን 3 የሆኑት ሁለት ሁለት አላቸው። ኖዶቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ኒውክለሱን እንደ ኳስ ቅርፊት ይከቡታል። ሌሎቹ ኒውክለሱን ራሱን አቋርጠው ያልፋሉ። ኤል የሚቆጥረው ኒውክለሱን አቋርጠው የሚያልፉትን ነው።

አሁን ሕጉ ራሱ ወጣ። አቋርጠው የሚያልፉት ኖዶች ከጠቅላላው ኖድ ሊበልጡ አይችሉም። ጠቅላላው ደግሞ ኤን ሲቀነስ 1 ነው። ስለዚህ ኤል ከዚያ አያልፍም። 2ዲ የሚባል ነገር የሌለው ለዚህ ነው፤ ዲ ሁለት የሚያቋርጡ ኖዶች ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ሼል ግን ያለው አንድ ኖድ ብቻ ነው።

ቅርጾቹንም በዚሁ ዓይን እዩዋቸው። ኤስ የሚያቋርጥ ኖድ ስለሌለው ድቡልቡል ነው። ፒን አንድ ጠፍጣፋ ኖድ መሀል ለመሀል ስለሚከፍለው ሁለት ጉብታ ይኖረዋል። ዲ በሁለት ስለሚከፈል አብዛኛዎቹ ኦርቢታሎቹ አራት ጉብታ አላቸው። የኤፍን ቅርጽ በዚህ ደረጃ ለመሳል አትድከሙ።

ሰብሼል በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ ማዕድ ቤት ግቡ። የጋዝ ምድጃው ሰማያዊ ነበልባል ላይ ቁንጥር የምግብ ጨው በተን አድርጉበት፤ ፊታችሁን ራቅ አድርጉ። ነበልባሉ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ የሶዲየም ነው። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮን አለው፤ የመጨረሻው 3ኤስ ላይ ነው። ሙቀቱ ወደ 3ፒ ያነሣዋል፤ ተመልሶ ሲወርድ 589 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ይለቃል።

ሁለቱም ሰብሼሎች ኤናቸው 3 ነው። በሃይድሮጂን ቢሆን ኢነርጂያቸው እኩል ነው ለማለት ይቻል ነበር፤ ይህ ቢጫም ባልኖረ ነበር። ሶዲየም ውስጥ ግን 10 የውስጥ ኤሌክትሮኖች አሉ። እነሱ የኒውክለሱን ስበት ይጋርዳሉ። የ3ኤስ ኤሌክትሮን አንዳንዴ ይህን ግርዶሽ ሰብሮ ወደ ኒውክለሱ ይጠጋል። የ3ፒ ኤሌክትሮን ግን ኖዱ በኒውክለሱ በኩል ስለሚያልፍ እዚያ አካባቢ የመገኘት ዕድሉ በጣም ያንሳል። ስለዚህ 3ኤስ በደንብ ይሳባል፤ ኢነርጂውም ዝቅ ይላል። ከአንድ በላይ ኤሌክትሮን ባለው አቶም ውስጥ፣ በአንድ ሼል ላይ የሰብሼሎቹ ቅደም ተከተል ኤስ፣ ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 4፦ ኤም ኤል፣ አቅጣጫው

ማግኔታዊው ኳንተም ቁጥር ኤም ኤል ከነጋቲቭ ኤል ተነሥቶ በዜሮ በኩል እስከ ፖዘቲቭ ኤል ይደርሳል። ኤል 1 ከሆነ −1፣ 0፣ +1 ነው። ኤል 2 ከሆነ −2፣ −1፣ 0፣ +1፣ +2። ብዛታቸው ሁልጊዜ ኤልን በ2 አባዝታችሁ 1 ስትጨምሩበት የሚመጣው ነው። እያንዳንዱ ዋጋ አንድ ኦርቢታል ስለሆነ ኤስ 1፣ ፒ 3፣ ዲ 5፣ ኤፍ 7 ኦርቢታል አላቸው።

ማግኔታዊ መባሉ እንዲሁ አይደለም። አቶሙ ማግኔት መሀል ሲገባ በኢነርጂ እኩል የነበሩት ኦርቢታሎች ይለያያሉ። ፒተር ዜማን በ1896 የስፔክትረም መስመሮች በማግኔት ሲሰነጠቁ አይቶ ነበር፤ ማብራሪያው የመጣው በኋላ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። መጽሐፍ ላይ ሦስቱ የፒ ኦርቢታሎች በኤክስ፣ በዋይና በዜድ አቅጣጫ ተስለው ታያላችሁ። ኤም ኤል 0 ከዜዱ ጋር ይገጥማል። ኤክስና ዋይ ግን የ+1 እና የ−1 ቅልቅል ናቸው። ስለዚህ «+1 ማለት ኤክስ ነው» ብላችሁ አንድ ለአንድ አታዛምዱ።

ደረጃ 5፦ ኤም ኤስ፣ ስፒኑ

አራተኛው ቁጥር ሁለት ዋጋ ብቻ አለው፤ +½ እና −½። ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር ገደብ አይጋራም። ከሽሮዲንገር እኩልታም አልወጣም፤ በሙከራ ተገዶ የመጣ ነው።

ሙከራው የተሠራው በ1922 ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ነው። ኦቶ ሽተርንና ቫልተር ጌርላክ ብርን በምድጃ አተነኑ። የብሩን አቶሞች በቀጭን ቀዳዳ አሳልፈው፣ ጥንካሬው ከቦታ ቦታ በሚለያይ ማግኔት መሀል ለቀቋቸው። መጨረሻ ላይ የመስታወት ሳህን ተቀምጦ ይጠብቃል። አቶሞቹ እንደተራ ማግኔት ቢሆኑ ኖሮ ሳህኑ ላይ የተዘረጋ አንድ ወፍራም ምልክት ይተዉ ነበር። የታየው ግን ለሁለት የተከፈለ ምልክት ነው።

ብር 47 ኤሌክትሮን አለው። 46ቱ ማግኔታዊ ውጤታቸው ተጣፍቶ አንዱ ብቻ 5ኤስ ላይ ይቀራል። የኤስ ኤል ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ኤም ኤሉም 0 ብቻ ነው፤ መከፈል አልነበረበትም። ታዲያ ሁለቱ ከየት መጡ? በ1925 ጆርጅ ኡህለንቤክና ሳሙኤል ጉድስሚት ኤሌክትሮን የራሱ ስፒን አለው የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። የጨዉ ቢጫም ቀረብ ብለው በመሣሪያ ሲያዩት አንድ አይደለም፤ 589.0 እና 589.6 ናኖሜትር ላይ ያሉ ሁለት መስመሮች ናቸው። የዚህም ምክንያት ስፒን ነው። ስፒን የሚለውን ሰምታችሁ ኤሌክትሮኑ እንደ ኳስ ይሽከረከራል ብላችሁ ግን አታስቡ። ስፒን እንደ ቻርጁ የኤሌክትሮኑ ተፈጥሮ ነው።

በዚያው ዓመት ቮልፍጋንግ ፓውሊ ትልቁን ሕግ አስቀመጠ። በአንድ አቶም ውስጥ አራቱም ቁጥሮቻቸው አንድ የሆኑ ሁለት ኤሌክትሮኖች አይኖሩም። በአንድ ኦርቢታል ውስጥ ሦስቱ ቁጥሮች ተወስነዋል፤ የሚለያየው ስፒኑ ብቻ ነው። ስፒን ደግሞ ሁለት ዋጋ ብቻ አለው። ስለዚህ አንድ ኦርቢታል ከሁለት ኤሌክትሮን በላይ አይዝም።

ደረጃ 6፦ አቅሙን ቁጠሩ

የኦርቢታሉን ብዛት በ2 አባዙ። ኤስ 2፣ ፒ 6፣ ዲ 10፣ ኤፍ 14። ሼሉን ስትደምሩ የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 2+6=8፣ ሦስተኛው 2+6+10=18፣ አራተኛው 32 ይሆናል። 2ኤን² የሚባለው ቀመር ይኸው ነው።

አሁን ፔሪዮዲክ ቴብሉን ከፊታችሁ ዘርጉ። በግራ በኩል 2 ዓምድ፣ በቀኝ 6፣ መሀል ላይ 10፣ ከታች ተነጥሎ የተቀመጠው 14። ቅርጹን የሠሩት እነዚሁ ቁጥሮች ናቸው። ቴብሉ የተሳለ የሰብሼል ካርታ ነው። ፈተና ላይ ቴብል ከተሰጣችሁ መልሱ ግማሽ በግማሽ ተሰጥቷችኋል።

ደረጃ 7፦ መሙላት

የመሙያውን ቅደም ተከተል በቀስት እየሳሉ ማስታወስ የተለመደ ነው። እኔ ግን መደመሩን እመርጣለሁ፤ ቀስቱ በጥድፊያ ይሳሳታል። ኤንና ኤልን ደምሩ። ድምሩ ያነሰው ቀድሞ ይሞላል። ድምሩ እኩል ከሆነ ኤኑ ያነሰው ይቀድማል።

4ኤስና 3ዲን እንይ። 4ኤስ 4+0=4። 3ዲ 3+2=5። ስለዚህ 4ኤስ ይቀድማል። 3ዲና 4ፒስ? 4ፒ 4+1=5፤ እኩል ናቸው። የ3ዲ ኤን ያንሳል፤ 3ዲ ይቀድማል። በዚህ መንገድ ስትሄዱ 1ኤስ፣ 2ኤስ፣ 2ፒ፣ 3ኤስ፣ 3ፒ፣ 4ኤስ፣ 3ዲ፣ 4ፒ፣ 5ኤስ፣ 4ዲ፣ 5ፒ፣ 6ኤስ፣ 4ኤፍ እያለ ይወጣል። አራተኛው ሼል ሦስተኛው ሳይሞላ የሚጀምረው፣ ደረጃ 2 ላይ እንዳየነው ሼሎቹ ወደ ላይ ስለሚቀራረቡና ኤስ ግርዶሹን ሰብሮ ስለሚጠጋ ነው።

ቴብሉ ላይ ስታነቡ አንድ ነገር አትርሱ። በኤስና በፒ ክፍል ኤን ከፔሪዮዱ (ከአግድም ረድፉ) ቁጥር ጋር እኩል ነው። በዲ ክፍል በአንድ ያንሳል፤ በኤፍ ክፍል በሁለት።

የመጨረሻው ሕግ የፍሪድሪኽ ሁንድ ነው። ኢነርጂያቸው እኩል የሆኑ ኦርቢታሎች ካሉ፣ ኤሌክትሮኖች ከመጣመራቸው በፊት እያንዳንዱን ኦርቢታል ለየብቻ፣ በተመሳሳይ ስፒን ይይዛሉ። አንድ ዓይነት ቻርጅ ስላላቸው መራራቅ ይቀላቸዋል። ናይትሮጅን 2ፒ ላይ ሦስት ኤሌክትሮን አለው፤ ሦስቱም ያልተጣመሩ ናቸው። ኦክስጅን አራት አለው፤ አንድ ጥንድና ሁለት ያልተጣመሩ ይሆናሉ።

ደረጃ 8፦ ብረትን ከዳር እስከ ዳር

ብረት 26 ኤሌክትሮን አለው። በቅደም ተከተሉ ሙሉት፤ ከላይ በኩል ያለው ትንሽ ቁጥር በሰብሼሉ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ብዛት ይነግራል፦

1ኤስ² 2ኤስ² 2ፒ⁶ 3ኤስ² 3ፒ⁶ 4ኤስ² 3ዲ⁶

ደምሩት፤ 26 ይመጣል። መደመሩን ሁልጊዜ አድርጉት፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው። 3ዲ ውስጥ አምስት ኦርቢታል አለ። አምስቱ ኤሌክትሮኖች ለየብቻ ይገባሉ፤ ስድስተኛው ከአንዱ ጋር ይጣመራል። ያልተጣመሩት 4 ናቸው።

አሁን ብረቱ ኤሌክትሮን ይጣ። ብዙ ተማሪ የመጨረሻውን ከ3ዲ ይቀንሳል። ስሕተት ነው። መጀመሪያ የሚወጡት ኤናቸው ትልቅ የሆኑት፣ ማለትም የ4ኤስ ናቸው። ድምሩ የሚነግራችሁ ገለልተኛ አቶም እንዴት እንደሚሞላ ነው፤ አዮን እንዴት እንደሚሠራ አይደለም። ስለዚህ የ2+ ብረት መጨረሻው 3ዲ⁶ ነው፤ የ3+ ብረት ደግሞ 3ዲ⁵። በ3+ ብረት ውስጥ 5 ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች አሉ።

ሁለት ታዋቂ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ክሮሚየም 4ኤስ¹ 3ዲ⁵ ነው፤ መዳብ 4ኤስ¹ 3ዲ¹⁰። «ግማሽና ሙሉ ሰብሼል የተረጋጋ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለፈተና ይበቃል፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ከክሮሚየም ሥር ባለው ዓምድ ያለው ተንግስተን 5ዲ⁴ 6ኤስ² ነው፤ አባባሉን አይከተልም። ፓላዲየም ደግሞ 5ኤስን ጨርሶ ባዶ ይተወዋል። እዚያ አካባቢ የሁለቱ ሰብሼሎች ኢነርጂ በጣም ስለሚቀራረብ ትንሽ ነገር ሚዛኑን ይቀይረዋል። ክሮሚየምንና መዳብን ብቻ በቃል ያዙ።

ደረጃ 9፦ ጥያቄዎቹን እንስበር

ቁጥሮቹ ኤን፣ ኤል፣ ኤም ኤል፣ ኤም ኤስ በሚል ቅደም ተከተል ይጻፋሉ። ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ መርምሩ፤ የመጀመሪያው ስሕተት ላይ ቁሙ።

(3፣ 3፣ 0፣ +½) አይሆንም። ኤን 3 ከሆነ ኤል ከ2 አያልፍም።
(4፣ 2፣ −3፣ +½) አይሆንም። ኤል 2 ነው፤ ኤም ኤል ከ−2 በታች አይወርድም።
(1፣ 0፣ 0፣ 0) አይሆንም። ስፒን ዜሮ አይሆንም።
(2፣ 1፣ −1፣ −½) ይሆናል። 2ፒ ነው።

ኤን 4፣ ኤል 2 ያላቸው ኤሌክትሮኖች ቢበዛ ስንት ናቸው? 4ዲ ነው፤ 10።

ኤን 4 እና ኤም ኤል +1 ያላቸውስ? ይህ ከበድ ይላል። ኤም ኤል +1 እንዲኖር ኤል ቢያንስ 1 መሆን አለበት። ኤል 1፣ 2 ወይም 3 ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዳቸው አንድ ኦርቢታል፣ በድምሩ 3። በ2 ስናባዛ 6 ኤሌክትሮን።

ኤን 3 እና ኤም ኤስ +½ ያላቸው? ሦስተኛው ሼል 9 ኦርቢታል አለው፤ ከየአንዱ አንድ። 9።

«የብረት የመጨረሻው ኤሌክትሮን አራቱን ቁጥሮች ጻፉ» ሲባል ኤን 3፣ ኤል 2 የማያከራክር ነው። የተቀሩት ሁለቱ ግን በልማድ ላይ ይመሠረታሉ። ኦርቢታሎቹን ከ−2 ጀምረን፣ መጀመሪያ +½ እየሰጠን ከሞላን ስድስተኛው (3፣ 2፣ −2፣ −½) ይሆናል። ከ+2 የሚጀምር መምህርም አለ፤ መልሱ (3፣ 2፣ +2፣ −½) ይሆንበታል። ተፈጥሮ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም። የመማሪያ መጽሐፋችሁ የቱን እንደሚከተል አይታችሁ በዚያው ሂዱ።

በብረት አቶም ውስጥ ኤላቸው 0 የሆነ ኤሌክትሮኖች ስንት ናቸው? 1ኤስ፣ 2ኤስ፣ 3ኤስ፣ 4ኤስ እያንዳንዳቸው 2 ናቸው፤ 8። በ3+ ብረትስ? 4ኤስ ስለለቀቀ 6።

አንዱን ለእናንተ ልተው። ኮባልት 27 ኤሌክትሮን አለው። የ2+ ኮባልት አዮን ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስንት ናቸው? ሞክሩና ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ መጨረሻው 3ዲ⁷፣ ያልተጣመሩት 3።